የሞተሩን መተንፈሻ አትቁረጡት

በኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያም ሆነ ወገኖቻችን ቡና ለመጠጣት በሚሰበሰቡባቸው ቤቶች አንድ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንሰማለን። ምክሩ አጭር ነው፤ ወጪም የለበትም። «ቱርቦ ያላት መኪና ከገዛህ፣ ከሞተሩ ክዳን ተነሥቶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ቱቦ ንቀልና ወደ መሬት ልቀቀው፤ ሞተሩ እንደ ልቡ ይተነፍሳል፣ ዘይት መብላቱን ይተዋል፣ ጉልበትም ይጨምራል» ይላል። መካሪው አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰው ነው፤ ከአንድ የእሽቅድምድም መኪና ወዳጅ የሰማውን ነው የሚያስተላልፈው። ሆኖም መኪናዋ የዳቦ መግዣ ከሆነች ይህ የነፃ ምክር የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ስለሆነ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። በሥራ መኪና ላይ የሞተሩን ትንፋሽ ወደ ውጭ መልቀቅ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የትንፋሹን መንገድ መለወጥ ግን ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ ጋዙ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ እስከተቃጠለ ድረስ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው።

ቀድሞ ነገሩ እኛን ብዙም አይመለከተንም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ለብዙ ዓመት የሚያውቁት መኪና ክራውን ቪክቶሪያ ነበር፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር ትልቅ ሞተር፣ ቱርቦ የሌለው። ፎርድ በ2011 ማምረቱን ካቆመ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብዙው ሰው ወደ ካምሪና ወደ ፕሪየስ ሃይብሪድ ዞረ፤ እነዚህም ቱርቦ የላቸውም። አሁን ግን በኡበርና በሊፍት የሚሠራው፣ ምግብ የሚያደርሰው፣ ለሱቁ ዕቃ በቫን የሚያመላልሰው ወገናችን ርካሽ ሁለተኛ እጅ መኪና ሲፈልግ ደጋግሞ የሚያገኘው ቱርቦ ያለውን ነው። ባለ 1.4 ሊትሩ ሸቭሮሌት ክሩዝና ትራክስ፣ ከ2016 ወዲህ ያለው ማሊቡ፣ ከ2017 ወዲህ ያለው ሆንዳ ሲ.አር.ቪ.፣ ከ2018 ወዲህ ያለው አኮርድ፣ ኢኮቡስት ሞተር የተገጠመለት የፎርድ ትራንዚት ቫን ሁሉ በዚህ ወገን የሚመደቡ ናቸው። ሞተሩን አሳንሶ ጉልበቱን በቱርቦ መሙላት የፋብሪካዎቹ ፈሊጥ ሆኗል። ስለዚህ የዛሬው ጉዳይ የወጣቶች ጨዋታ ሳይሆን የኛው ጉዳይ ነው።

መተንፈሻው ምን እንደሚሠራ ባጭሩ እንመልከት። በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚንና አየር ሲቃጠል የሚፈጠረው ኃይል ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። የፒስተን ሪንጎቹ ምንም ያህል አዲስ ቢሆኑ ጥቂት ጋዝ በጎናቸው ሾልኮ ዘይቱና ክራንኩ ወዳሉበት፣ ክራንክኬዝ ወደሚባለው የሞተሩ ክፍል ይወርዳል። በዚህ ሾላኪ ጋዝ ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚን፣ የውኃ እንፋሎት፣ አሲድ ያዘለ ጭስና የዘይት ጉም ተቀላቅለው ይገኛሉ። መውጫ ካላገኘ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል። የሚፈላ ጀበናን አፍ ጥርቅም አድርጎ የወተፈ ሰው ምን እንደሚከተል ያውቃል። ሞተሩም በደካማው በኩል ይገነፍላል፤ ደካማው በኩል ደግሞ ዘይት የሚያግዱት ሲሎችና ጋስኬቶች ናቸው።

ቱርቦ በሌለው መኪና መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ ትንፋሹንም አብሮ እንዲስበው ይደረጋል። በቱርቦ መኪና ግን አየር ማስገቢያው አንድ ጊዜ ይስባል፣ ሌላ ጊዜ ይገፋል። ሾፌሩ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ወይም ቀስ ብሎ ሲነዳ በማኒፎልዱ ውስጥ የመሳብ ኃይል አለ፤ ትንፋሹ ፒ.ሲ.ቪ. በሚባለው ቫልቭ በኩል ወደዚያ ይሳባል፤ በሌላው ቱቦ ደግሞ በፊልትሮ የተጣራ ንጹሕ አየር ወደ ክራንክኬዙ እየገባ እንፋሎቱን ጠርጎ ያወጣዋል። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ቱርቦው አየሩን ስለሚጨምቀው መሳቡ ወደ ግፊት ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፈው ቼክ ቫልቭ ትዘጋለች፤ ትንፋሹም በሁለተኛው ቱቦ ከቱርቦው ፊት ወዳለው የአየር መሳቢያ ይሄዳል። ሁለት መንገድና በመካከላቸው አንዲት ትንሽ ቫልቭ፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ቫልቯ ስትሞት የሚከተለውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ትንፋሹን ወደ መሬት መልቀቅ አዲስ ግኝት የሚመስላቸው አሉ። ይልቁንም የጥንቱ አሠራር እሱ ነበር። ከ1960ዎቹ በፊት የተሠሩ መኪናዎች ከሞተሩ ወደ አስፋልቱ የሚወርድ ቱቦ ነበራቸው፤ መኪናው ሲሄድ ከሥሩ የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን እየሳበ ያወጣው ነበር። መኪናው ሲቆም ግን የሚስበው ነገር አልነበረም። ካሊፎርኒያ በ1961 ይህ ጋዝ ተመልሶ እንዲቃጠል ስታዝዝ በአሜሪካ የመጀመሪያው የመኪና ብክለት መቆጣጠሪያ ሆነ። የታሰበው ለከተማው አየር ቢሆንም የሞተሩ ዘይትም ከዚያ ወዲህ የተሻለ ንጽሕና አገኘ። ዛሬ ቱቦውን ነቅሎ ወደ መሬት የሚለቅ ሰው መኪናውን ከ1961 በፊት ወደነበረው ዘመን ይመልሳታል፤ ያውም ያ አሠራር እጅግ በሚከፋበት ሁኔታ፣ ማለትም ሞተሩ እየሠራ መኪናዋ ቆማ በምትጠብቅበት ሥራ ላይ።

ውኃውን አትናቁት። አንድ ጋሎን ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ጋሎን ያህል ውኃ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ከሾላኪው ጋዝ ጋር ወደ ክራንክኬዙ የሚወርደው ጥቂት ቢሆንም ሥራው ከባድ ነው። በሚኒያፖሊስ፣ በዴንቨር ወይም በቶሮንቶ ክረምት አጫጭር ጉዞ የሚሠራ መኪና ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ይለወጥና ከዘይቱ ጋር ይናጣል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ከውስጡ የሚታየው ቢጫ አረፋ እሱ ነው። የሚጠርገው ንጹሕ አየር ካልገባ ቤንዚኑም ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ቆይቶ ዘይቱ ወደ ጥቁር ጭቃ ይለወጣል። ጭቃው የዘይት መሳቢያውን ወንፊት የዘጋ ዕለት ቱርቦውም ሞተሩም ያለ ዘይት ይቀራሉ። የእሽቅድምድም መኪና እንዲህ ያለው ችግር የማይደርስበት ዘይቱ በጥቂት ሰዓት ሥራ ስለሚቀየርና ቆሞ መንገደኛ ስለማይጠብቅ ነው። የእነሱን ልማድ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ መኪና መዋስ ትርጉም የለውም።

ቱቦው ሲነቀል የሚከተሉት ሌሎች ጣጣዎችም አሉ። የተነቀለበት ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ ያልተለካ አየር ወደ ሞተሩ ይገባል፤ የሞተር መብራት ይበራል፣ ኮምፒዩተሩ ፒ 0171 የሚል ኮድ ያወጣል፣ ሞተሩም ሲቆም ይንቀጠቀጣል። የዘይት ጉሙ በጋለው የቱርቦ ብረት ላይ ካረፈ ይጨሳል፤ አልፎ ተርፎም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሽታው ደግሞ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። መንገደኛው የሚያውቀው ነገር ቢኖር መኪናው የተቃጠለ ዘይት እንደሚሸት ነው፤ ቅሬታውንም ለሾፌሩ አይነግረውም፤ በስልኩ ኮከብ ቀንሶ ይወርዳል። ከዚህም በላይ በዚያ ጋዝ ውስጥ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለ ነገሩ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልትገነዘቡት የሚገባው ግን የቱርቦውን ዘይት መመለሻ ነው። ወደ ቱርቦው የሚሄደው ዘይት በፓምፕ ተገፍቶ ይገባል፤ ሲመለስ ግን ምንም የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት ወደ ክራንክኬዙ ይወርዳል። ክራንክኬዙ ውስጥ ግፊት ካለ ዘይቱ መውረድ ያቅተዋል። በቱርቦው ውስጥ ይከማችና በሲሎቹ አልፎ ወደ አየር ማስገቢያው ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ይገባል። መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ታጨሳለች። ሾፌሩ ደንግጦ ጋራዥ ሲሄድ «ቱርቦው ሞቷል» ይባላል፤ ከሺህ ዶላር በላይ ተከፍሎ አዲስ ቱርቦ ይገጠማል፤ ብዙም ሳይቆይ አዲሱም ያጨሳል። ቱርቦው ግን ከመጀመሪያውም ደኅና ሊሆን ይችላል፤ የታመመው መተንፈሻው ነው። ረዥም ጎማ ቱቦ ወደ መሬት መልቀቅ ይህን አይፈውስም፤ ቱቦው ቀጭን ከሆነ፣ ከታጠፈ ወይም በውስጡ የተጠራቀመው ውኃ በብርድ በረዶ ከሆነ ግፊቱን ያብሰዋል። ስለዚህ ማንም ሰው ቱርቦ ቀይሩ ሲላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «የክራንክኬዙ ግፊት ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ምንም አያስከፍልም።

ለተቃራኒው ወገን ደግሞ ተገቢውን እንስጥ። ቱቦውን አዙሩ የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አልተነሡም። ብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚረጩ፣ እንደ ድሮው ቤንዚን የመግቢያ ቫልቮቹን ጀርባ እያጠበ አያልፍም። ከመተንፈሻው የሚመጣው የዘይት ጉም በጋሉት ቫልቮች ላይ እየተጋገረ ጥላሸት ይሆናል፤ ቆይቶ ሞተሩ ያነክሳል፤ ማጽጃው በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት መፈግፈግ ነው፤ ርካሽ ሥራ አይደለም። ፋብሪካዎቹም ችግሩን ስላወቁት አንዳንዶቹ ሁለቱንም ዓይነት መርጫ በአንድ ሞተር ላይ አድርገዋል፤ ቶዮታ በ2.5 ሊትሩ ካምሪ፣ ፎርድም ከ2017 ጀምሮ በኤፍ 150 ባለ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት ላይ። ስለዚህ ቅሬታው እውነት ነው። የምንቃወመው መድኃኒቱን ነው፤ ለቫልቭ ጥላሸት ተብሎ የክራንክኬዙን ንጹሕ አየር መከልከል ሆዱን ለማከም ጉሮሮን እንደ ማነቅ ነው።

አሁን ወደ ቼክ ቫልቯ እንመለስ፤ ለዚህም ከክሩዝ፣ ከትራክስና ወንድማቸው ከሆነው ከቢዩክ ኢንኮር የተሻለ ምሳሌ የለም። በባለ 1.4 ሊትሩ ቱርቦ ሞተር ላይ ቼክ ቫልቯ የተቀመጠችው በፕላስቲኩ ማኒፎልድ ውስጥ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላት ትንሽ ጎማ ስትሆን ከጊዜ ብዛት ተቦጭቃ ትጠፋለች። ያን ጊዜ ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር የቱርቦው ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ክዳን ይገባል። በክዳኑ ላይ ያለችው ክብ ዲያፍራም ትቀደዳለች፤ ከጎኗ ባለችው ቀዳዳ ፉጨት ይሰማል፤ የሞተር መብራት ይበራል፤ ዘይት በክራንኩ የኋላ ሲል በኩል መንጠባጠብ ይጀምራል። ዲያፍራሟ ከክዳኑ ጋር አብራ የተሠራች ስለሆነች ጋራዡ ሙሉ ክዳኑን ይቀይራል፤ ፉጨቱም ይቆማል። ባለ መኪናው ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን ማኒፎልዱ ውስጥ ያለችውን ያየ ሰው ስለሌለ አዲሱ ክዳን ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ አሮጌው ይቀደዳል። «ይህ ሞተር አይረባም፣ ቱቦውን ቁረጠውና ተገላገል» የሚለው ምክር የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ምርመራው ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወደ ማኒፎልዱ የሚገባውን ሽክርክር ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ነቅሎ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ማየት ነው፤ ብርቱካናማዋ ጎማ ካለች ትታያለች፣ ከሌለች የችግሩ ምንጭ ተገኘ። ማኒፎልዱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይቻላል። ሌላው መንገድ ቼክ ቫልቭን ከውጭ በቱቦ ላይ የሚገጥም መለዋወጫ መጠቀም ነው። ይህ እንግዲህ የመተንፈሻውን መንገድ ማዞር ነው፤ እኛም አንቃወመውም። ጋዙ ከሞተሩ አልወጣም፤ የጠፋችው ቫልቭ ብቻ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተተካች። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ግን ዕቃው የክፍለ ሀገሩ የአየር ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ያለው መሆኑን ሳታዩ አትግዙ።

በስዊድን ያላችሁ አንባቢያን ከዚህ ጋር የሚመሳሰለውን የሳዓብ 9-5 ታሪክ ታስታውሱት ይሆናል። ከ1999 እስከ 2003 የተሠሩት ባለ ቱርቦ ሞተሮች ዘይታቸው ወደ ጭቃ እየተለወጠ ስንቱን ሞተር አበላሸ። ሳዓብ ያደረገው ትንፋሹን ወደ መንገድ መልቀቅ አልነበረም፤ የመተንፈሻውን ቱቦዎችና ቫልቮች ደጋግሞ አሻሽሎ አዲስ መገጣጠሚያ አወጣ፤ የትንፋሹን መንገድ አዞረው ማለት ነው። ጋዙ ግን እስከ መጨረሻው ሞተሩ ውስጥ ሲቃጠል ኖሯል። የቮልቮ ባለቤቶችም የዘይት ማጣሪያ ሣጥኑ ሲደፈን የኋላ ሲሉ እንደሚያፈስ ያውቁታል፤ ሣጥኑንና ቱቦዎቹን ቀይሮ መገላገል ነው።

መተንፈሻው ደኅና መሆኑን ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ሞተሩ ሲሞቅ፣ መኪናዋ ቆማ እየሠራች፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ቀዳዳውን በስስ የፕላስቲክ ጓንት ሸፍኑት። ጓንቱ በመጠኑ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደኅና ነው። እንደ ፊኛ ከተነፋ ወይ መተንፈሻው ተደፍኗል ወይ የፒስተን ሪንጎቹ አልቀዋል። አንቆ ከሳበው ደግሞ ዲያፍራሙ ተቀዷል ማለት ነው። ይህ ምርመራ የሚያሳየው ሞተሩ ሲስብ ያለውን መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚሠራውን ሁለተኛውን ቱቦ ነቅሎ አለመደፈኑን ማየት ይገባል። መተንፈሻው ንጹሕ ሆኖ ጓንቱ አሁንም ከተነፋ የሲሊንደሮቹን ግፊት ማስለካት ነው። ሪንጎቹ ያለቁበትን ሞተር የትኛውም ቱቦ አያድነውም።

ሁለተኛ እጅ መኪና የምትገዙ ወገኖች ይህን በተለይ ልብ በሉት። ሪንጉ ያለቀ ሞተር ብዙ ትንፋሽ ስለሚያወጣ ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው እየገባ ያጨሳል። ቱቦው ተነቅሎ ወደ መሬት ሲለቀቅ ግን በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ይቀንሳል፤ መኪናዋ የዳነች ትመስላለች። ስለዚህ ከፋብሪካ ያልመጣ ጎማ ቱቦ ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ካያችሁ፣ ወይም የአየር መሳቢያው ላይ በብሎን የተደፈነ ቀዳዳ ካለ፣ ሻጩ ምንም ቢምል የግፊት ልኬት ሳይደረግ ብር አትቁጠሩ። ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ማየት የስንት ወር ክፍያ ያድናል።

ዘይት የሚያጠራቅመውን ቆርቆሮ፣ ካች ካን የሚሉትን፣ በተመለከተ ጥያቄ ይቀርብልናል። ትንፋሹ በቆርቆሮው አልፎ ዘይቱን እዚያ ጥሎ ተመልሶ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ በመሠረቱ ጤናማ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነው ርካሹ ቆርቆሮ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ ጉሙን የሚያጋጭ ክፍልፋይ ወይም ወንፊት ሊኖረው ይገባል። በብርድ አገር ደግሞ ቆርቆሮው የሚሞላው ከዘይት ይልቅ በውኃ ነው፤ ውኃው ከረጋ መንገዱ ይዘጋና የተወተፈውን ጀበና ታሪክ ይደግመዋል። በክረምት በየሳምንቱ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የሚፈሰውም ወደ ጎዳና ቦይ ሳይሆን ከአሮጌ ዘይት ጋር ወደ መቀበያ ጣቢያ የሚሄድ ነው። በኛ አስተያየት ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ሊረሳው የሚችል አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ታክሲና ዕቃ ማመላለስን በከባድ ሥራ መድቦ አጠር ያለ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ የሚሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕጉን ደግሞ ጋራዥ ያላችሁ ወገኖች ከሾፌሮቹ ይልቅ ልታውቁት ይገባል። የአሜሪካው የንጹሕ አየር ሕግ በመኪና ላይ የተገጠመን የብክለት መቆጣጠሪያ መንቀል ወይም ከሥራ ውጭ ማድረግን ይከለክላል፤ መተንፈሻውም ከዚያ ውስጥ ነው። በ1977 ክልከላው ጋራዦችን እንዲያካትት ተደረገ፤ በ1990 ደግሞ ባለ መኪናውን ጨምሮ ማንኛውንም ሰው እንዲመለከት ሆነ። ሕጉ ያኔ ያስቀመጠው የቅጣት ጣሪያ ለአምራችና ለመኪና ነጋዴ በአንድ መኪና 25,000 ዶላር፣ ለሌላው ሰው 2,500 ዶላር ነበር፤ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እየተስተካከለ አድጎ ሁለተኛው ዛሬ ከ5,000 ዶላር በላይ ነው። የፌዴራል መርማሪ አንዲት ታክሲ አሳድዶ ይመጣል ብለን አናስፈራራችሁም። ነገር ግን በካሊፎርኒያ የጭስ ምርመራ ላይ መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ መተንፈሻውን በዓይኑ ያያል፤ ከተነቀለ መኪናዋ ትወድቃለች፤ እስክትስተካከልም ሥራ የለም። በጀርመን ጭሱን የሚያባብስ ያልተፈቀደ ለውጥ የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ያሳጣል። «ለእሽቅድምድም ሜዳ ብቻ» የሚል ወረቀት በዕቃው ላይ መለጠፉም ታርጋ ለጥፋ መንገደኛ የምትጭን መኪናን አይጠቅማትም። በ2007 እና ከዚያ ወዲህ በተሠራ ናፍጣ ከባድ መኪና የምትሠሩትም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው፤ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሞተሮች ቀድሞ የነበራቸው ነፃነት ከዚያ ሞዴል ጀምሮ ተነሥቷል።

ዋስትናም አለ። የ1975ቱ ማግኑሰን ሞስ ሕግ ሻጩ ባዕድ ዕቃ ገጥመሃል ብሎ ብቻ ዋስትና እንዳይነፍግ ይከለክለዋል፤ ጉዳቱን ያመጣው ያ ዕቃ ከሆነ ግን መብቱ ነው። ቱቦው ተነቅሎ ዘይቱ ጭቃ የሆነበትን ሞተር ይዞ የሚሄድ ሰው ምን መልስ እንደሚጠብቀው መገመት አያዳግትም።

ጋራዥ ያላችሁ እንግዲህ፣ ደንበኛው የአገር ልጅ ሆኖ «ግድ የለም፣ ዝም ብለህ ቁረጠው» ሲል እንዴት እንደሚያስቸግር እናውቃለን። ይሉኝታ ይዟችሁ አትሥሩት። የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስፈልግና ባለ መኪናው እንዳልፈለገ በደረሰኙ ላይ ጽፋችሁ አስፈርሙት። የወደፊት ጭቅጭቅ የሚዘጋው በዚያ ወረቀት ነው።

ቱቦውን ቀድሞ የቆረጣችሁ ካላችሁ መመለስ ይቻላል። በአብዛኛው የሚያስፈልገው የፋብሪካውን ቱቦ፣ መቆንጠጫዎቹንና ቼክ ቫልቯን መግዛት ነው፤ ከአሮጌ መኪና መሸጫ ግቢም ይገኛሉ፤ ቼክ ቫልቯን ግን አዲስ ግዙ። ቱቦው ከተመለሰ በኋላ ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ወዲያው ይቀየሩ፤ አንድ ሺህ ማይል ያህል ከነዳችሁ በኋላም እንደገና ይቀየሩ፤ አዲሱ ዘይት የቆየውን ጭቃ እያጠበ ስለሚያወርድ። ከዚያ የጓንቱን ምርመራ ድገሙት።